የድንኳኑ ብረት ድምፅ

ወንድሜ የተመታበት ድምፅ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፣ አልቆጠርኩም። በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼዋለሁ። በስልክ ሰምቼዋለሁ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ ላይ ቆሜ፣ ኮንቴይነር ሲወርድ እያየሁ፣ ምንም ሳልከፍት ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ብረቱ ያፏጫል። ከዚያ ያ ነገር አለ። ከዚያ ኪቦርዱ ይወድቃል። ሲወድቅ ግን ዝም አይልም፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ስለቀረ፣ አንድ ሰው ገመዱን እስኪነቅለው ድረስ ያንኑ ድምፅ እያወጣ ይቀጥላል።

ታላቄ ነበር። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ልበል፣ አላውቅም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ፤ መጻፍ አይቀናኝም። የምጽፈው ሰዎች ይህን ነገር ሲያወሩት የእኔን ክፍል እየተዉት ስላስቸገሩኝ ነው። ስለሚያዝኑልኝ ይመስለኛል የሚተዉት። እኔ ግን ያለ እኔ ክፍል ታሪኩ ውሸት ይሆናል።

ወንድሜ ለእንጀራው ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ የጠሩት ቦታ ሁሉ ይሄዳል። ለራሱ ግን የሚሠራው ሌላ ነበር። ከግቢያችን ጀርባ ሰርቪሷ ውስጥ፣ ከአንድ መዘምራን ቡድን በአሮጌ የገዛው ሲንተሳይዘር አለ፤ ሦስት ቁልፎቹ አይሠሩም፣ የላይኛው ማዞሪያው በፕላስተር ተይዟል። በዚያ ምት የሌለው ሙዚቃ ይሠራል። ግጥም የለው፣ ዘፋኝ የለው። አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከሥሩ ሌላ ይመጣል፣ ሳይታወቅህ የመጀመሪያው ሄዷል። ከከተማችን ከአዳማ በላይ ተራራው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ቀርጾ ያስገባል። የቆርቆሮ ጣሪያችንን በፀሐይ ሲሰፋ ቀርጾ ያስገባል።

እማዬ በሩ ላይ ትቆምና ታዳምጣለች።

«ይሄ ነገር መቼ ነው የሚጀምረው?» ትለዋለች።

«ጀምሯል እኮ እማዬ።»

«እሺ፣ ሲጀምር ጥራኝ።»

እኔና እሱ ተደባድበናል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። አንድ ቀን እየቀረጸ ሳለ ገብቼ፣ ለቀልድ፣ በሁለት እጄ ቁልፎቹን መታሁበት። በጥፊ አጮለኝ። እኔም ወንበሩን አነሳሁ። ወንበሩን ከእጄ ቀማኝና ግድግዳው ላይ አጣብቆ ያዘኝ፤ ክንዱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ከዚያ ለቀቀኝና ወንበሩን አስተካክሎ «ቁጭ በል» አለኝ። ያንን ያበላሸሁበትን ቅጂ ከፈተ። የመታሁትን ድምፅ ጎተተው፣ ጎተተው፣ ረጅም አደረገው፤ ከዚያ ማዞሪያውን እኔ እንዳዞር እጄን ወስዶ አስቀመጠው። የቁልፎቹ ምት እንደ ንብ መንጋ ሆኖ ወጣ። «ምንም ድምፅ ክፉ አይደለም፣ ካዘገየኸው» አለኝ። የዚያን ቀን ነው የተማርኩት። እኔም የዚያን ቀን የተማርኩትን ነው በኋላ በእሱ ላይ ያዋልኩት።

ስልክ ላይ ግሩፕ ነበራቸው። አራት ሰዎች ነበሩ፣ እኔ አምስተኛ ሆኜ ገባሁ። አንደኛው ወንድሜ። ሁለተኛው ቆቃ የሚኖር የፊዚክስ መምህር፣ ሁላችንንም በዕድሜ የሚበልጥ፤ ጋሼ እንለዋለን። ሦስተኛዋ አርሲ ነገሌ ያለች ልጅ፣ አባቷ እህል ነጋዴ ነው፣ እሷ ሁሉንም በላፕቶፕ ነው የምትሠራው። አራተኛው የባቱ ልጅ፣ ሠርግ ላይ ከወንድሜ ጋር ከበሮ የሚመታ። እኛ ቤት ስንት ጊዜ በልቷል፣ ሰርቪሷ ውስጥ ከወንድሜ ጋር በአንድ ፍራሽ ተኝቷል። እማዬ ከሁለታችን ለይታ አታየውም ነበር።

አሠራራቸው እንደዚህ ነው። አንዱ አንድ ድምፅ ይልካል። ሌላው የራሱን ይደርብበታል፣ ሌላው ደግሞ ይደርብበታል፣ እንደ ጋቢ። ሕጋቸው ሦስት ነው። ሰው የደረበውን ማንሳት አይቻልም። አለቀ የሚለው የጀመረው ሰው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ከምን እንደተቀዳ ሁሉም ደርበው እስኪጨርሱ ድረስ አይነገርም፤ ሌሎቹ ይገምታሉ። ግምቱን ነበር በጣም የሚወዱት። ጋሼ የፍየል ደወል ነው ያለው የእኛ የበር ሰንሰለት ሆኖ ስንት ወር ተስቆበታል።

አሁን ወደ ሠርጉ ልምጣ።

በሠርግ ውስጥ ወንድሜ የሚፈራው አንድ ሰዓት ነበር። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሙሽሪትን ሊወስድ ሲመጣ የእሷ ወገን በሩ ላይ ይቆምና መንገድ ይከለክላል። ጨዋታ ነው። ይገፋፋሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ በመጨረሻ ይለቀቃል። የኪቦርዱ ሰው ሥራ በሩ እስኪለቀቅ ምቱን አለማቋረጥ ነው። «ምቱ እስካለ ድረስ ጨዋታ ነው፤ ግን አንዳንዴ እጃቸውን ሳየው ጨዋታ አይመስለኝም» ይለኝ ነበር።

ባቱ አጠገብ በነበረው በዚያ ሠርግ ጨዋታው ተበላሸ። የአንዱ ሸሚዝ ተቀደደ፣ ሌላው በጡጫ መለሰ። ወንድሜ ምቱን አቆመ። ዝም ቢል ኖሮ እላለሁ። ዝም አላለም። እማዬ ስትቆጣ፣ እኔና እሱ ስንጣላ ቤት ውስጥ የሚከፍተውን ያንን ዝግ ያለ ድምፅ ከፈተ። ሠርገኛ ሁሉ በሚሰማበት በትልቁ ማጉያ፣ በሞንታርቦው። ሰው ቁጣው ይበርድለታል ብሎ ነው። እኛ ቤት ይሠራ ነበር። ሠርግ ላይ ግን እንደዚያ ያለ ድምፅ ማን ሰምቶ ያውቃል።

መቅረጫው እንደ ሁልጊዜው ኪቦርዱ መቆሚያ ላይ ታስሮ ነበር። የሠርግ ጫጫታ ይወዳል፣ በኋላ ለሙዚቃው ይጠቀምበታል። ቀረጻው ላይ መጀመሪያ አንዲት ሴት ትሰማለች፤ «ኧረ ምንድነው ይሄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ትላለች። ቀጥሎ የወንድ ድምፅ፤ «በሠርጋችን ላይ ለቅሶ ትጠራብናለህ አንተ?» ቀጥሎ፣ በጣም ከቅርብ፣ የባቱው ልጅ፤ «አቦ ተው፣ አጥፋው፣ በናትህ እንሂድ።» ከዚያ ብረቱ ያፏጫል። የድንኳኑ ቋሚ ብረት ነው።

ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆይቶ አረፈ። አንድ ቃል አልተናገረም። ጭንቅላቱ ስላበጠ እማዬ ፊቱን ስታይ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብላ ወደ ሌላ አልጋ ሄዳ ፈለገችው።

ዕቃው በቦርሳ ተደርጎ ሲመለስልን መቅረጫው ከነቀረጻው ነበር። ለመርማሪው ወሰድኩት። ሰማው። ሁለት ጊዜ ሰማው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። «ስማኝ፣ ድምፅ መልክ የለውም» አለኝ። «በጥርጣሬ የያዝነው ሰውዬ እኔ አይደለሁም ብሏል። ሠርገኛው ሁሉ ግርግር ነበር፣ አላየንም ብሏል። አየሁ የሚል አንድ ሰው አምጣልኝ። ካልሆነ ይለቀቃል፣ ፋይሉም ይዘጋል።»

የባቱው ልጅ ቃሉን ሲሰጥ ከድንኳኑ ጀርባ ጄኔሬተሩ ጋ ነበርኩ ብሏል። ውሸት ነው። ድምፁ እዚያ አለ፣ ከወንድሜ ሁለት እርምጃ አይርቅም። ደወልኩለት። «ነፍስ ይማር» አለኝ። «የት ነበርክ?» አልኩት። ዘጋው። እንደገና ደወልኩ፣ አላነሳም።

ድምፁ የእሱ መሆኑን ለመርማሪው ብነግረው ኖሮ ይጠሩት ነበር። አልነገርኩም። በራሱ አፍ እንዲናገር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ሌላ ነው። እኔ ራሴ እንድይዘው ፈልጌ ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ በሐሳቤ አጥንቱን እሰብረዋለሁ፣ እጁን፣ ከበሮ የሚመታበትን። በሥራ ሰዓት ኮንቴይነር ሲንጠለጠል ከሥሩ እሱን አቆመዋለሁ።

ከአርባው በኋላ ሰርቪሷን ከፍቼ ገባሁ። ሲንተሳይዘሩን አበራሁ። ከቀረጻው ውስጥ ያቺን ሁለት ሰከንድ ቆረጥኩ። ሴትየዋን አወጣሁ፣ ሰውዬውን አወጣሁ፣ የባቱውን አወጣሁ፤ ብረቱና ያ ነገር ብቻ ቀረ። መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ እንዳለ አስቀመጥኩት። ቀጥሎ ጎተትኩት፣ ጎተትኩት። አራት ደቂቃ ሆነ። ማዞሪያውን እያዞርኩ ስለታሙን ከላዩ ላይ አነሳሁለት። መናገር የሚያሳፍረኝ፣ ያምር ነበር። ረጅም፣ ጥቁር፣ ከሆድ የሚመጣ። 

ወደ ግሩፑ ላክሁት። «ከወንድሜ የተረፈ ድምፅ ነው፣ ደርቡበት» አልኩ። ውሸት አይደለም።

ማታውኑ ግምት ጀመሩ። ማልቀስ ሰልችቷቸው ነበር መሰለኝ፣ ደስ አላቸው።

ጋሼ፤ «ይሄ የግድቡ በር ሲዘጋ ነው። ብረት በብረት ላይ። አልሳሳትም።»

የነገሌዋ፤ «የስንዴ ጆንያ ከመኪና ላይ ሲወረወር ነው። እርጥብ ጆንያ ግን፣ ዝናብ የመታው።»

«አንቺ ሁሉ ነገር ስንዴ ነው የሚመስልሽ።»

«እርስዎስ ጋሼ፣ ሁሉ ነገር ግድብ አይደል? የፍየሉን ደወል ረሱት?»

«እሺ፣ ጆንያሽን ማን ወረወረው በይ?»

«ሰካራም ሹፌር ነዋ። እንደዚያ አድርጎ የሚወረውር ጤነኛ የለም።»

ሳቁ። በጽሑፍ ነው የሳቁት፣ ግን ሰማሁት። ጥርሴን ነክሼ ስልኩን እያየሁ ነበር። እነሱን አይደለም የማየው። የባቱውን ነው። ሁሉንም አንብቧል፣ ምልክቱ ይታያል። አልገመተም። ያ ሰው በሕይወቱ ሳይገምት ያለፈው ድምፅ የለም።

በማግስቱ ጋሼ የውኃ ድምፅ ደረበበት፣ ግድቡ ሥር የቀዳውን። የነገሌዋ በላዩ አንድ ቀጭን ድምፅ ዘረጋች፣ እንደ ክር። የወንድሜ መመታት ዜማ ሆነ። «እንዴት ደስ ይላል፤ ቢሰማው» ብላ ጻፈች። ያኔ ነው የጻፍኩት። «ወንድሜ ነው። የተመታበት ነው። ከመካከላችን አንዱ ያውቀዋል፣ ቆሞ አይቷል» አልኩ።

 ሲነጋ የነገሌዋ የድምፅ መልእክት መጣ። እያለቀሰች ነበር፣ ግን ለቅሶ ብቻ አልነበረም። «በእጄ አስነካኸኝ» አለች። «ሦስት ሰዓት ሙሉ በእጄ ሳሻሸው ነበር። ለምን ለእኔ? እኔ ምን አደረግኩህ?» ጋሼ «ልጄ፣ ስልክህን አንሳ» ብሎ ጻፈና ደወለ። ስልኩን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ወድቆ መጮኹን ቀጠለ። በመዶሻ መታሁት እስኪደቅ ድረስ። ይህ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ላይ ምን እንደተላከ አላየሁም። ማየትም አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት የባቱው መጣ።

ሰርቪሷ ውስጥ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል። «አካም» አለኝ፣ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር የሚጀምረው፣ ከዚያ በአማርኛ «እንዴት ናችሁ፣ እማዬስ?»

እናቴን «እማዬ» ማለቱ ነው ይመስለኛል ያበገነኝ። የኪቦርዱ መቆሚያ ተፈትቶ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። አንዱን እግር አነሳሁት።

የመጀመሪያውን ትከሻው ላይ ነው የመታሁት። ወደ ኋላ አላለም። «ላክሁልህ እኮ» አለ፤ «አልሰማኸውም?» ሁለተኛውን ክንዱ ላይ። «ሐሙስ ላክሁልህ።» ስለ ምን እንደሚያወራ አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁም። እጁን ለመከላከል አላነሳም፣ ያ የበለጠ አሳበደኝ። ቢመታኝ እፈልግ ነበር። ሦስተኛውን በግራ በኩል፣ ጆሮው ጋ።

ብረቱ አፏጨ። ከዚያ ያ ነገር።

ድምፁን አወቅሁት። ከማንም በላይ እኔ ነኝ የማውቀው። አራት ደቂቃ እስኪሆን አዘግይቼ እያንዳንዷን ቅንጣት የሰማሁት ሰው ነኝ። ያው ነው። ብረቱ በእጄ ነበር፣ ግን እንደገና ለማንሳት ክንዴ እምቢ አለኝ።

እማዬ ሮጣ ገባች፣ ጥቁር ነጠላዋ ከአንገቷ ወድቆ። እኔን አላየችኝም። በላዩ ተኛችበት፣ መሬት ላይ። «ሁለተኛውንም ልትገድልብኝ ነው?» አለች። ልጇን ማለቷ ነው። እሱን።

ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድነው። መሐል ላይ አስቀምጠነዋል፣ ራሱ እማዬ ጭን ላይ ነው። ከግራ ጆሮው ደም ይወርድ ነበር። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ያቃስታል። በደህና እጁ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ሰጠኝ። ግሩፑ ተከፍቶ ነበር። የላከው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው፣ እኔ ስልኬን በቀጠቀጥኩ በሰዓት ልዩነት።

ድርብ ነው የላከው። ሥሩ ላይ የእኔ ጥቁር ድምፅ አለ፣ የጋሼ ውኃ አለ፣ የነገሌዋ ክር አለ። በላዩ የራሱ ድምፅ፣ ሳያዘገየው፣ ሳያሳምረው። ሙሉ ስሙን ይናገራል። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ «ሁለት እርምጃ ነበርኩ። ገመዱን ይዤ ነበር። የመታው ጎረቤታችን ነው።» የሰውዬውን ሙሉ ስም ከነአባቱ ይናገራል። «በድንኳኑ ቋሚ ብረት ነው። እኔ ገመዱን ነቅዬ ሮጥኩ። ሥራውን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። እናቴ ከሰውዬው ጋር ግድግዳ ነው የምትጋራው፣ ፈራሁ። አሁን ግን ተደርቧል። ማንሳት አይቻልም።»

ባጃጁ ውስጥ ሁላችንም ሰማነው። ሹፌሩም ሰማ። እማዬ ነጠላዋን በእጇ ጠቅልላ ጆሮው ላይ እንደጫነች ነበረች።

እኔን ለመፈለግ የመጣው ስላልመለስኩለት ነበር። ጋሼም ደውሎ አጥቶኝ ነበር። የባቱው ደግሞ አብሬው ወደ መርማሪው እንድሄድ ፈልጎ፣ ብቻውን መሄድ ከብዶት፣ ከባቱ ተነስቶ መጣ።

የባቱው ልጅ ሊመሰክር ፍርድ ቤት ሲቆም ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ክንዱ በአንገቱ ታስሯል። የሰውዬው ጠበቃ ያንን አልለቀቀውም። «ይህ ምስክር ተደብድቦ ነው የመጣው፤ በዱላ የተገኘ ቃል ነው» አለ። ዳኛዋ ወደ እሱ ዞሩ።

«ማን ነው የመታህ?»

ወድቄ ነው ሊል ይችል ነበር። እንዲል ፈልጌ ነበር። ለራሴ ብዬ አይደለም፣ ለፋይሉ ብዬ ነው፤ ደግሞ ለራሴም ነው። ምሏል ግን።

«የሟች ወንድም ነው፣ እዚያ የተቀመጠው።»

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ያ ሁሉ ሊፈርስ ነው ብዬ አሰብኩ። የወንድሜን ገዳይ ነፃ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በዚያ ብረት።

«ግን ቃሌን የሰጠሁት ከመመታቴ በፊት ነው» አለ። «ሐሙስ ነው። የተመታሁት ቅዳሜ ነው። ሌሎቹም ስልካቸው ላይ አላቸው።»

ጋሼ ከቆቃ መጣ፣ የነገሌዋም ከአባቷ ጋር መጣች። ስልኮቻቸውን አስረከቡ። ድምፁ እዚያው ችሎት ላይ ተከፈተ፣ እንዳለ፣ ከነውኃው፣ ከነክሩ፣ ከሥሩ ካለው ጋር። እማዬ ሙሉውን ሰማችው። ከዚህ ዓይነት ሙዚቃ አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ረጋ ብላ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ሰውዬው ጥፋተኛ ተባለ። ሲወስዱት በአጠገቤ አለፈ። እጁን አየሁት። ከእጄ ምንም አይለይም።

የነገሌዋ ልጅ ችሎቱ በር ላይ አገኘችኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ቆምኩ። «ሌላ ጊዜ ከምን እንደሆነ አስቀድመህ ንገረኝ» አለችና ሄደች። ሌላ ጊዜ ማለቷን ብዙ ቀን አሰብኩበት።

የእኔ ጉዳይ አልተዘጋም። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ የመታሁበትንም ብረት ወስጄ አስረክቤያለሁ። የሚሆነው ይሁን። የባቱው ልጅ አልከሰስም ብሏል፤ መርማሪው ግን ያ በእሱ ፈቃድ ብቻ እንደማያልቅ ነግሮኛል። ክንዱ ድኗል፣ ከበሮ ይመታል። ግራ ጆሮው አይሰማም። ሐኪሞቹ አይመለስም ብለዋል።

አዲስ ስልክ እስክገዛ ከግሩፑ ርቄ ነበር። ስመለስ ያ ሥራ እንደተከፈተ አገኘሁት። የጀመርኩት እኔ ስለሆንኩ አለቀ ማለት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፣ ማንም አልነካውም። ከሥሩ የባቱው ሌላ ድርብ ልኳል። ከበሮ ነው፣ በጣም የዘገየ፣ በመዳፍ የተመታ። በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ሙሉው በቀኝ በኩል ነው ያለው። በግራ በኩል ምንም የለም፣ የክፍሉ አየር እንኳ የለም።

ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «ግራውን አልሰማውም። ምን እንዳለበት አላውቅም። አንተ ሥራው።»

በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ሰርቪሷን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ሲንተሳይዘሩ ይበራል። እማዬ በሩ ላይ መጥታ ትቆማለች።

«ጀመርክ?» ትለኛለች።

«ገና ነው።»

 ከዚያ ትገባና ወንድሜ ያስቀመጠኝ ወንበር አጠገብ፣ ፍራሹ ላይ ትቀመጣለች። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። በግራ በኩል ያለው ባዶ ነው፣ እሰማዋለሁ፤ እሱ የማይሰማውን እኔ እሰማዋለሁ። እስካሁን ምንም አልተጫንኩም።